ገበያ ዳር የዘረጋሁት ድሪቶ

የስፌት መኪና ዘይት ከአዲስ ጨርቅ ጋር ሲቀላቀል የሚሰጠው አንድ ጠረን አለ። ባለፈው ሰሞን እንጅባራ ላይ ዝናብ ሲያባርረኝ ከአንድ ልብስ ሰፊ በረንዳ ተጠለልሁና ያ ጠረን አፍንጫዬን መታኝ። መርፌ ከጨበጥሁ ዓመታት አልፈዋል፤ ግን እዚያው ቆሜ ሳለሁ አሥራ ስምንት ዓመቴ ሆነ፤ በሐሳቤ ዳንግላ ገባሁ።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና የወደቅሁበት ዓመት ነበር። እናቴ ለዘመድ አዝማዱ «ውጤቷ ገና ነው» እያለች ስትሸፍንልኝ፣ እኔ አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ቁልፍ ለመትከልና ጠርዝ ለመዘምዘም ገባሁ። ልብስ ሰፊው ዝምተኛ ሽማግሌ ነበሩ። ከመቀሳቸው የሚወድቀው ቁርጥራጭ ከመኪናቸው ስር ይጠራቀምና ለትራስ መሙያ ይሄዳል። እኔ ከዚያ እየመረጥሁ ወደ ቤት መውሰድ ጀመርሁ፤ ከተማሪ ሱሪ የተረፈ ግራጫ፣ ከሙሽራ ቀሚስ ገበር የተረፈ ቢጫ።

መጀመሪያ ለምን እንደምሰበስበው እንኳ አላውቅም ነበር። አንድ ቀን ግራጫውን ከግራጫ ጋር ገጣጥሜ ሳየው ምንም የሌለበት ሰፊ ሜዳ መሰለኝ። ቢጫዋን ቀጭን አድርጌ በአንድ በኩል አጋድሜ አስገባኋት። መስከረም ላይ በሚኒባስ ወደ እንጅባራ ስትሄዱ፣ ደመናው ዝቅ ብሎ ከስሩ የኑግ ማሳ ብቻ ሲያበራ አይታችሁ ይሆናል፤ እንደዚያ ሆነች።

«ጋሼ፣ ይኼ ምን ይመስልዎታል?» አልኋቸው።

ልብስ ሰፊው ከመነጽራቸው በላይ አዩት። «ድሪቶ» አሉ። ትንሽ ቆይተው ግን «ስፌቱ ቀጥ ብሏል» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

በእኛ አገር ድሪቶ ማለት ቅያሪ የሌለው ሰው በላዩ ላይ እየጣፈ የሚለብሰው ነው፤ ስሙ ራሱ ስድብ ነው። እናቴ ስታየው ፊቷ ተለወጠ። «ሰው ከድሪቶ ለመውጣት ይለፋል፤ አንቺ ደህናውን ጨርቅ ቆራርጠሽ ድሪቶ ትሠሪያለሽ?» አለችኝ። ጎረቤት ሲመጣ ከፍራሽ ስር ትከተዋለች። ስትወጣ አወጣዋለሁ። ሦስት ጊዜ ፈታሁት፤ ሦስት ጊዜ መልሼ ሰፋሁት። መሐሉን ጥጥ፣ ጀርባውን አሮጌ ነጠላ አድርጌ በእጄ ስጠቀጥቀው ጣቶቼ በመርፌ ተበሳስተው ነበር። ሲያልቅ አንድ ሕፃን ይሸፍናል እንጂ ከዚያ አያልፍም። ቢሆንም ያን ዓመት ጀምሬ የጨረስሁት ነገር እሱ ብቻ ነበር።

ፎቶ ኮፒ ቤት የምትሠራ ጓደኛዬ ጥሩ ስልክ ነበራት። «ቤቱ ይጨልማል፤ ጓሮ አውጥተን እናንሳው» አለችኝ።

«ጓሮ አይሆንም። ገበያ ዳር ነው የምዘረጋው።»

ከፍራሽ ስር ያወጣሁትን ጓሮ ወስጄ ብደብቀው ምን ለውጥ ነበረው?

የገበያ ቀን ጠዋት ነበር። ዝናብ ሲዘንብ አድሮ ፀሐይ ወጥታለች፤ የጋሪ ፈረሶች የሚቆሙበት ሜዳ እርጥብ ገለባና ፋንድያ ይሸታል። ከሜዳው ፊት ባለው የባሕር ዛፍ አጥር ላይ ዘረጋሁት። ብርሃኑ ሲያርፍበት ግራጫው እንደ ብር አበራ። አንድ ባለጋሪ ፈረሱን ገታና «ድሪቶው ስንት ነው?» አለ። መንገደኛው ሳቀ።

«አይሸጥም» አልሁት።

«ማን ይገዛዋል ብለሽ?» አለ። እንደገና ሳቁ። ፊቴ ጋለ። ጓደኛዬ ክንዴን ይዛ «እንሂድ» ብትለኝም «አንሺ» አልኋት።

በዚህ መሐል እናቴ ዘንቢሏን አንጠልጥላ ከገበያ ስትመለስ አየችን። ወሬው ቀድሞ ደርሷት እንደሆነ አላውቅም፤ እርምጃዋ ግን የቁጣ ነበር። ጎትታ ልታወርደው እጇን ስትዘረጋ ነፋስ መጣና አንዱን ጫፍ ከአጥሩ አላቀቀው። ጭቃ ሳይነካው ቀለበችው። ጀርባው ወደ እሷ ዞሮ ነበርና ስፌቱን አየችው፤ ረጅም ጊዜ አየችው።

ባለጋሪው አልሄደም። «እማማ፣ ልጅዎ ምን ቸግሯት ነው ድሪቶ የምታሰጣው?» አለ።

እናቴ ስትቆጣ አማርኛው ይጠፋታል። መጀመሪያ በአገውኛ የመለሰችለትን አልደግመውም። ቀጥላ ሁሉም እንዲሰማ በአማርኛ፣ «የልጄ የእጅ ሥራ ነው። ፈረስህን ንዳ» አለችው።

ነዳ።

ጫፉን ግን አለቀቀችም። ጓደኛዬ ስልኳን ደቅና «እትዬ፣ ከጨርቁ ኋላ ዝቅ ይበሉልኝ፤ ፊትዎ ፎቶው ውስጥ ገባ» አለቻት።

«ልጅ ሆኜ እንግዳ ሲመጣ፣ ድሪቶዬ እንዳይታይ ከእህል ጎታ ጀርባ ያስቀምጡኝ ነበር» አለች እናቴ። ይህን ለእኔ ነግራኝ አታውቅም ነበር። «ዛሬ ዝቅ አልልም።»

ጓደኛዬ እናቴን እንደቆመች አነሳቻት።

ስለዚያ ቀን ከእናቴ ጋር ዳግም አላወራንም። ጨርቁን የእህቴ ልጆች ተራ በተራ ተሸፈኑበት፤ ቢጫው ነጣ፣ ጥጡ ወጣ፣ አለቀ።

እናቴ አምና አረፈች። ለሐዘኑ ድንኳን የሚሆን ፎቶ ስንፈልግ፣ ከመታወቂያዋ በቀር ያ የገበያ ዳሩ ብቻ ተገኘ። መታወቂያው ላይ ተቆጥተዋት የቆመች ይመስል ዓይኗን ሰብራለች። ያኛውን ይዤ ፎቶ ቤት ሄድሁ።

ፎቶ አንሺው በደግነት፣ «ፊታቸውን ቆርጬ ሰማያዊ ላይ ላስቀምጥልሽ፤ ይኼ ድሪቶ ያበላሸዋል» አለኝ።

«አይቆረጥም።»

«ለለቅሶ እኮ ነው፤ ሰው ምን ይላል?»

«ያለውን ይበል። እንዳለ አውጣው።»

እንዳለ ወጣ፤ ከነግራጫው፣ ከነቢጫው ድንኳኑ ውስጥ ተሰቀለ። ጠጋ ብለው አይተው የተንሾካሾኩ አልጠፉም፤ አላወረድሁትም። በሦስተኛው ቀን ከእናቴ ጋር አብረው ያደጉ አንዲት አሮጊት ከአዘና መጡ። ሳያለቅሱ ከፎቶው ፊት ብዙ ቆሙ።

«እንዲህ ቀና ብላ ሰው ስታይ፣» አሉ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ «አይቻት አላውቅም።»