የፒቸሩ ቦታ

የእናቴን የፎቶ አልበም ስገልጥ የፕላስቲኩ ሽታ ኮራል ስፕሪንግስ ከተማ ወደነበረው የልጅነት ቤታችን መለሰኝ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ የተጫዋቾች ፎቶ ያለባቸው የቤዝቦል ካርዶቼ የነበሩበት የጫማ ካርቶን ባዶውን ሪሳይክል መጣያው ውስጥ ተጥሎ አገኘሁት። ማልቀስ ስጀምር እናቴ ይህንኑ አልበም ገለጠችልኝ። ተጫዋቾቹ ሁሉ ከዘመዶቻችን ጋር ተደርድረዋል። በቲቪ ሲጫወት ከሶፋ የማልነሳለት ኳስ ወርዋሪ፣ ፒቸሩ፣ ከእናቴ እናት ከአያቴ ጎን ተቀምጧል። እፎይ አልኩ።

«የሰው ፎቶ ይጣላል እንዴ?» አለችኝ። «እኔ የሟች ወንድሜን አንድ እንኳ ባገኝ።»

ያኔ አልገባኝም።

ዘንድሮ አንድ የድሮ ጎረቤት የዚያን አጎቴን ጉርድ ፎቶ በቴሌግራም ላከልን። ፕሪንት አስደርጌ አመጣሁላት። እናቴ ደረቷ ላይ አድርጋው ቆየች።

«ከእናቱ ጎን ይሁን» አለችኝ። «ያንቺን ፒቸር ግን እንዳታወጪው፤ ትንሽ ፈቀቅ ይበልለት።»