ያልተጻፈውን አነበብኩላቸው

ይህን ለንስሐ አባቴ አልተናገርኩም። ለባለቤቴም አልነገርኳትም፤ ነገሩ እሷንም ይነካል። ሃያ ስድስት ዓመት በጋዜጠኝነት ስሠራ የሌሎችን ጥፋት በስምና በቦታ ጽፌአለሁ፤ ስለ ራሴ ግን አንድ መስመር አልጻፍኩም። ዛሬም የሚያስገድደኝ የለም። ሊያውቁብኝ የሚችሉት አንዲት ሴት ነበሩ፤ እሳቸውም ማወቅ አለማወቃቸውን እርግጠኛ አይደለሁም።

እንደ ልማዴ ከፍሬ ነገሩ ልጀምር። ዋሽቻለሁ። ማንበብ ለማይችሉ አንዲት አሮጊት፣ እኔ ራሴ ያዘጋጀሁትን መጽሔት በእጄ ይዤ፣ በላዩ ያልተጻፈ ነገር አነበብኩላቸው። በዚያ ምክንያት ቤታቸው ፈረሰ።

ትምህርት ቤቱ ያለው እንጅባራ ውስጥ፣ ከሰል ተራ በምንለው ሰፈር ዳር ነው። ስሙን አልጠራም። የሰፈሩ ሰው የሚኖረው ከሰል ተሸክሞና ቸርችሮ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባልነበረበት ጊዜ የሰፈሩ ልጆች ዳንግላ ቤት ተከራይተው ይማሩ ነበር፤ ስንቅ የሌለው እቤቱ ይቀር ነበር። ስለዚህ ነዋሪው ራሱ ድንጋይ በጀርባው ተሸክሞ የመጀመሪያዎቹን አራት ክፍሎች ሠራ። እኔም የተማርኩት በእነዚያ ክፍሎች ነው። የትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ሲቃረብ፣ ርዕሰ መምህሩ ታሪኩን በመጽሔት እንዳዘጋጅ የጠየቀኝም የድሮ ተማሪ በመሆኔ ነበር።

ታሪኩን ሳሰባስብ እማማ እናኑን አገኘሁ። ከትምህርት ቤቱ አጥር ጎን፣ በአንዲት ጠባብ ቁራጭ መሬት ላይ ባለች ጭቃ ቤት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ትምህርት ቤቱ ያረፈው በእሳቸው የገብስና የድንች ማሳ ላይ ነው። ባላቸው ሞተው፣ ሴት ልጅ ይዘው ሳለ፣ ሽማግሌዎች መጥተው ለመኗቸው። እሺ አሉ። ሽማግሌዎቹ ከቀበሌው ሊቀ መንበር ጋር ድንበሩን በእግራቸው ዞረው ለዩና ቤታቸው ያለባትን ቁራጭ «ይቺ እስከ ልጅ ልጅሽ ያንቺ ናት» ብለው ተዉላቸው።

«ወረቀት አልሰጡዎትም?» አልኳቸው።

ሳቁብኝ። «ሽማግሌ ፊት ቆሜ ወረቀት ስጡኝ ልበል? ‹እኛ ሞተናል ወይ?› ይሉኝ ነበር።» ደግሞም ጨመሩ፤ «አሁን ግን ሁሉም ሞቱ። እንግዲህ አንተ ጻፍልኝ።»

ጻፍኩ። በማስታወሻ ደብተሬ ቃል በቃል ጻፍኩ። የሽማግሌዎቹን ስም ጠየቅሁ፣ ከእነሱ የሁለቱን ልጆች እዚያው ሰፈር ፈልጌ አገኘሁ፤ አባቶቻቸው እንዲሁ ይሉ እንደነበር አረጋገጡልኝ። በሙያዬ ከዚያ የተሻለ የተጣራ ታሪክ ይዤ አላውቅም። መጽሔቱ ሲወጣ አምጥቼ እንደማነብላቸውም ቃል ገባሁ።

ረቂቁን ርዕሰ መምህሩ አነበበው። የሴትየዋን ታሪክ በእስክሪብቶው ጀርባ ነካ ነካ አደረገ።

«ወንድሜ፣ ይቺን ተዋት። ነገ አጥሩን ስንገፋ መዘዝ ታመጣብናለች።»

ቀና ብሎ ደግሞ፣ ወሬ እንደሚለውጥ ሰው፣ «የባለቤትህ ነገር እንዴት ሆነ? እስካሁን አዘና ናት?» አለኝ።

ባለቤቴ አዘና በምትባል ከተማ ታስተምር ነበር። ሁለት ልጆቻችን እኔ ዘንድ ነበሩ፤ እሷን የምናያት በሳምንት አንድ ቀን ነው። ወደ እንጅባራ ለመዛወር «እፈልጋታለሁ» የሚል የርዕሰ መምህር ደብዳቤ ያስፈልጋት ነበር። እሱ ደብዳቤ እሰጥሃለሁ አላለኝም። እኔም ስጠኝ አላልኩትም። አስገደደኝ ብዬ ብጽፍ ሌላ ውሸት ይሆናል። እቤቴ ሄጄ፣ በራሴ እጅ አራት ዓረፍተ ነገር አወጣሁና በምትካቸው አንድ አስገባሁ፤ «ትምህርት ቤቱ የተሠራበት መሬት ማንም ያልያዘው ባዶ ሜዳ ነበር።» ደብዳቤው በሳምንቱ መጣ።

ይህ የመጀመሪያው ጥፋቴ ነው። በዚህ ቆሜ ቢሆን ፈሪ ነበርኩ እንጂ ከዚያ የባሰ አልነበርኩም።

መጽሔቱ እንደወጣ ይዤላቸው ሄድኩ። ለምን ሄድኩ? ቃል ስለገባሁ። ቃሌን እጠብቃለሁ ብዬ እኮራ ነበር! እማማ እናኑ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው መጽሔቱን ተቀበሉ። እኔ ያነሳኋቸው ፎቶግራፍ በገጹ ግርጌ ነበር፤ ከሥሩ «የአካባቢው ነዋሪ» ይላል። በጣታቸው ፊታቸውን ነኩት።

«አይ አንተ! እንዲህ አርጅቻለሁ? በል አንብብልኝ፣ በአገውኛ እየመለስክ።»

እውነቱን መናገሪያው ሰዓት ያ ነበር። «እማማ፣ አወጣሁት» ማለት ሁለት ቃል ነው። እኔ ግን ገጹን ከፍቼ፣ ዓይኔን በፊደሉ ላይ እያስኬድኩ፣ ያወጣኋቸውን አራቱን ዓረፍተ ነገሮች አነበብኩ። በአማርኛ እላለሁ፣ በአገውኛ እመልሳለሁ። ማሳውን፣ ሽማግሌዎቹን በየስማቸው፣ ድንበሩን፣ «እስከ ልጅ ልጅሽ» የሚለውን ቃል። ዜና እንደማነብ አነበብኩት።

አዝኜላቸው ነበር እንዳልል፣ ያዘነ ሰው እውነቱን ይናገራል። የፈራሁት ፊታቸውን ነው። ለአንዲት ደቂቃ እንደ ከሃዲ እንዳያዩኝ ስል፣ ዕድሜ ልካቸውን የሚደገፉበት ውሸት ሰጠኋቸው።

«አሁን እግዜር ቢወስደኝም ግድ የለኝም» አሉ። መጽሔቱን በላስቲክ ጠቅልለው ሣጥናቸው ውስጥ አስቀመጡት። ለሌላ ሰው አላስነበቡትም። ለምን ያስነብቡ? የጻፈው ሰው ራሱ አንብቦላቸዋል።

በሁለተኛው ዓመት ለቤተ ሙከራ ሕንፃ አጥሩ ሊሰፋ ነው ተባለ። ቀበሌው፣ ማስረጃ ያለው ያቅርብ አለ። የሽማግሌዎቹ ልጆች፣ እነዚያ ሁለቱ፣ እንመስክርልዎት ብለው እቤታቸው ድረስ ሄደው ነበር። «የተጻፈ እያለኝ ሰው ምን አስቸግራለሁ? የሥራ ቀናችሁን አታጥፉ» ብለው መለሷቸው። ይህን ከአንደኛው ኋላ ሰማሁ። ውሸቴ ያሳጣቸው ቁራጭ ወረቀት ብቻ አልነበረም፤ የነበሯቸውን ምስክሮችም አሰናበተባቸው።

ስብሰባው በመምህራን ማረፊያ ክፍል ነበር። እኔም የድምፅ መቅጃዬን ይዤ የማስፋፊያውን ዜና ልሠራ መጥቻለሁ። እማማ እናኑ ነጠላቸውን አጣፍተው ገቡ። ላስቲኩን ፈትተው መጽሔቱን ለመሬት አስተዳደር ባለሙያው፣ ለአንድ ወጣት፣ ሰጡት።

«ይኸው። አንብበው። ከፎቶዬ በላይ ነው።»

ወጣቱ አነበበ። ማንም ያልያዘው ባዶ ሜዳ።

«አይደለም፣ ልጄ። ደህና አድርገህ እየው።»

ደግሞ አነበበ። ከኋላ አንድ ሰው፣ «እማማ፣ መጽሔቱ እኮ ለአጥሩ መሰከረ!» አለና ክፍሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ዞረው ፈለጉኝና በዓይናቸው አገኙኝ።

«አንተ ልጄ፣ ቦታውን አሳየው እንጂ።»

ወጣቱም ወደ እኔ ዞረ። «ጋሼ፣ ሌላ ገጽ አለው እንዴ?»

የማስታወሻ ደብተሩ እቤቴ ነበር። ሁለቱ ምስክሮች በእግር የአሥር ደቂቃ መንገድ ርቀት ላይ ነበሩ። ርዕሰ መምህሩ ጥፍሩን እያየ ነበር።

«የለም» አልኩ። «የታተመው እሱ ነው።»

እውነት ነው። የተናገርኩት እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው። እንዲህ ያለ እውነት መናገር ነው ሙያዬ ያስተማረኝ?

እማማ እናኑ መጽሔቱን ተቀብለው አጠፉትና ወደ እኔ መጡ። «እንግዲያስ የተሳሳትኩ እኔ ነኝ፤ እርጅና ነው። ይቅር በለኝ ልጄ፣ በሰው ፊት ስምህን ያለ ቦታው አነሳሁ።»

እኔን ይቅርታ ጠየቁኝ። አውቀው ይሆን? ሊያሳፍሩኝ ስላልፈለጉ ሸፈኑልኝ? ወይስ በእውነት ጆሯቸውን ተጠራጠሩ? ዓመታት አስቤበታለሁ፤ የትኛው ለእኔ እንደሚብስ መለየት አልቻልኩም። ያኔ የመለስኩላቸውን ግን አውቃለሁ። «ግድ የለም እማማ» አልኳቸው።

በማግስቱ ዜናውን ሠራሁ። ቦታው ተለየ፣ አንድ ቅሬታ ቀርቦ ማስረጃ ስላልተገኘለት ውድቅ ሆነ አልኩ።

ቤቱን በግንቦት አፈረሱት። እማማ እናኑ ግምጃ ቤት ከተማ፣ ልጃቸው ዘንድ ሄደው በቀጣዩ ኅዳር አረፉ። ቀብራቸው አልሄድኩም። የቤተ ሙከራው መሠረት ጉልበት ከፍታ ላይ ደርሶ ቆመ፤ ዛሬም እዚያው ነው። በእነዚህ ዓመታት ትምህርቱ ሲቋረጥ ሲቀጥል፣ ያሉት ክፍሎች እንኳ ተማሪ አጥተዋል። ባለቤቴ የምታስተምርበት ክፍል መስኮት በዚያ በኩል ነው። «ይህን መሠረት ሣር በላው» ትለኛለች አንዳንዴ። እኔም «በጀት አጥተው ነው» እላታለሁ።

ባለፈው መጋቢት ልናዘዝ ብዬ በገበያ ቀን ግምጃ ቤት ሄድኩ። ልጃቸው ትርንጎ ሽንኩርት ትሸጣለች። ገና ሳልቀርብ አወቀችኝ።

«አንተ ያ ጋዜጠኛ አይደለህም? እናቴ እኮ ስምህን ስታነሳ ነው የሞተችው!»

«ምን እያሉ?»

«‹አንብቦልኛል፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ› እያለች ነዋ። ምን ታደርገዋለህ፣ አእምሮዋ ሄዶ ነበር። እኔም ‹ተይ እማዬ፣ የሌለ ነገር እያወራሽ ጎረቤት ፊት አታዋርጂን› እያልኩ እቆጣት ነበር። አስቸግራሃለች፣ አይደል?»

አፌን ከፈትኩ። አንዲት ሴት መጥታ ሽንኩርቱን እያገላበጠች መከራከር ጀመረች። ትርንጎ ወደ እሷ ዞረች። እኔም «ነፍሳቸውን ይማር» ብዬ ሚኒባስ ወደሚቆምበት ሄድኩ። ቤት መውሰዴ ሳያንስ፣ ልጃቸው እናቷን አእምሮዋን የሳተች አድርጋ እንድታስታውስ ትቻት ተመለስኩ።

ከእናንተ ይቅርታ አልጠይቅም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ልጆቼ እናታቸውን ፈልገው ነበር አልልም። ርዕሰ መምህሩ አሳሳተኝ አልልም። አውቄ አደረግሁት፤ አፌን ከፍቼ ልመልሰው የምችልባቸው ቀኖች ሁሉ ሲያልፉ አየሁ።

ትርንጎ ማንበብ አትችልም። ትምህርት ቤቱ በእናቷ ማሳ ላይ ሲሠራ ድንጋይ ትሸከም ነበር፤ ሲከፈት ከሰል መሸከም ጀመረች። ይህን ጽሑፍ ሰው ካላነበበላት አትሰማውም፤ እኔ ደግሞ ወረቀት ይዤ እሷ ፊት ብቀመጥ በምን እንደማነብ ራሴን አላምንም። ግምጃ ቤት የምትሄዱ ሰዎች፣ ሽንኩርት ተራ ትርንጎን ጠይቁ። እናቷ አልዋሹም፤ አእምሯቸውም አልሄደም። እንዳለ አንብቡላት። እኔን ለማትረፍ አንድ ቃል አትጨምሩ።