የመስቀል ጫማ

ከወልቂጤ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ሸለቆው አፋፍ ላይ ስትደርሱ ዛሬ የፓርኩ በር ላይ ትልቅ ሰሌዳ ታያላችሁ። ወደ ገደሉ አትጠጉ፣ ያለ አስጎብኚ አትውረዱ፣ ውሃ ውስጥ አትግቡ ይላል። ፏፏቴው ዘንድም የብረት አጥር ተሠርቷል። ጥሩ ነገር ነው፤ አልከፋኝም። ግን በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ዓይኔ የሚፈልገው ሰሌዳውን አይደለም። ከመንገዱ ማዶ የነበረችውን የቆርቆሮ ሱቃችንንና በሯ ላይ ተቀምጣ አላፊ አግዳሚውን በነገር የምትወጋውን እናቴን ነው። እናቴ ካረፈች ጥቂት ዓመታት ሆኗታል፤ ሱቋም መንገዱ ሲሰፋ ፈርሳለች። እናቴ ትናፍቀኛለች፤ መስከረም ሲጠባ ደግሞ ይብስብኛል።

መስከረም ለእኛ ሌላ ወር ነው። አዲስ አበባ ያለው ዘመድ ሁሉ ለመስቀል አገሩ ይገባል። ባዶ እጁን አይገባም፤ በአሮጌ ጫማም አይገባም። ሸሚዙ ቢያረጅ ሰው ዝም ይለው ይሆናል፤ ጫማው ካረጀ ግን “ሥራ አልሆነለትም ማለት ነው” እየተባለ ሰፈሩ ሁሉ ያወራበታል። ስለዚህ ወንዱም ሴቱም ከካርቶን በወጣ ጫማ ይመጣል። ክትፎው ተበልቶ፣ ሽማግሌዎቹ መርቀው ካበቁ በኋላ ደግሞ ወጣቱ ተሰብስቦ ወደ ፓርኩ ይወርዳል። ጉማሬ ለማየት፣ ፏፏቴው አጠገብ ፎቶ ለመነሳት። ያንኑ ጫማ እንዳደረገ።

አንድ ዓመት አንድ ጎልማሳ ወደቀ። ፎቶ ሊነሳ አለቱ ላይ ቆሞ ትንሽ ወደ ኋላ ሲል ነው አሉ። የፓርኩ ጠባቂዎች ተሸክመው በሱቃችን በር አሳለፉት። ፊቱን በጋቢ ሸፍነውታል፤ እግሩ ግን ይታይ ነበር። እናቴ የጫማውን ሶል አየችው። እንደ ሳህን የለሰለሰ፣ ገና መሬት ያልለመደ ሶል ነበር። ያን ቀን ሱቁን ዘግታ “እናቱ እኮ ለበዓል ነው የጠበቀችው” እያለች ስታለቅስ ዋለች። ሰውየውን ከዚያ በፊት አይታው አታውቅም።

በሳምንቱ ወልቂጤ ገበያ ወርዳ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ኮንጎ ጫማ ይዛ መጣች። ኮንጎ የገበሬ ጫማ ነው። ላስቲክ ስለሆነ መልኩ አያምርም፤ ግን ሶሉ ጥርስ አለው፣ እርጥብ አለት ላይ አያንሸራትትም። አባቴ “ይሄ ሁሉ ለማን ነው?” ሲላት “ለእንግዶች” አለችው። ሰፈሩ ሳቀባት። “የጉራጌ ሴት ከገደልም ንግድ አታጣም” አሉ። ሳንቲም አትቀበልም ነበር፤ ግን ማን ይመናት?

መጀመሪያ ላይ ማንም እሺ አላላትም። “ልጄ፣ ይሄ ጫማ ይጥልሃል” ስትለው ጎረምሳው ይስቅባታል። “እማማ፣ እኔ እኮ እዚሁ ነው ያደግኩት!” በመስቀል ማግስት አዲስ ጫማህን አውልቅና ኮንጎ አድርግ ማለት ከስድብ አይተናነስም። እናቴ ጥቂት ቀን እንዲህ ከደከመች በኋላ ዘዴ ለወጠች። ስለ መውደቅ ማውራቱን ጨርሶ ተወችው።

“ውይ! ይሄ ጫማ ነው እዚያ ጭቃ ውስጥ የሚገባው?” ትላለች ደረቷን ይዛ። “የኔ ጌታ፣ አፈር ስሆን፣ ስጠኝ ልጠብቅልህ። እንዲህ ያለ ጫማ እዚህ አገር ታይቶም አያውቅ።”

ጎረምሳው ጎንበስ ብሎ ጫማውን ያያል፤ ከዚያ ማሰሪያውን ፈትቶ ኮንጎውን ያጠልቃል። ለነፍሱ ያልሳሳው ሁሉ ለጫማው ይሳሳል። ለሴቶቹ ደግሞ “ተረከዙ ቢሰበርብሽ ለሠርግሽ ምን ልታደርጊ ነው?” ትላቸዋለች፤ እየሳቁ ያወልቃሉ።

ያን ጊዜ ወልቂጤ አስተምር ነበር፤ ቅዳሜና እሁድን እሷ ጋ ሱቅ ውስጥ ነው የማሳልፈው። ጫማዎቹን መደርደሪያው ላይ ከብስኩቱና ከሳሙናው አጠገብ እንደረድራቸዋለን። የአዲስ ቆዳና የሳሙና ሽታ ሲቀላቀል አሁንም ይሸተኛል። ሲመሽ መደርደሪያው ባዶ ከሆነ የወረደው ሁሉ ወጥቷል ማለት ነው። ጫማ ከቀረ እናቴ ጠባቂዎቹን ትጠራለች። እነሱም ለምደዋት “እማማ፣ ዛሬስ ሁሉም ገባ?” ሳይሏት አያልፉም ነበር። እናቴ በዚያ ሥራዋ ስትኮራ ማየት ደስ ይለኝ ነበር።

ታላቅ ወንድሜ መርካቶ ይነግዳል። በአንዱ መስቀል እጮኛውን ይዞ መጣ፤ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፣ አገራችንን አይታ አታውቅም። ፏፏቴውን ላሳያት ብሎ በማግስቱ ሱቁ ጋ አብረው ደረሱ። እናቴ ልጅቷን እንደ ልማዷ አጫወተቻት፣ ልጅቷም ጫማዋን አውልቃ ሰጠቻት። ወደ ወንድሜ ስትዞር ግን ፊቷ ተለወጠ።

“አውልቅ” አለችው።

“ኧረ ተይ እማ!”

“አውልቅ ብዬሃለሁ! ገደል ነው!”

ወንድሜ እጮኛውን አየ፣ እኔን አየ። “አሁንም ልጅ መሰልኩሽ?” ብሏት ከእጮኛው ጋር ቁልቁለቱን ጀመረ። እናቴ ከዓይኗ እስኪጠፋ ቆማ አየችው። ከዚያ በኋላ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ኮንጎውን ያለ ቀልድ ነበር የምታቀብለው። አንዴ ብቻ መደርደሪያውን አይታ “እሱን በምን ልቁጠረው?” አለችኝ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ልጅቷ ብቻዋን እየሮጠች ወጣች። “ወደቀ!” አለች ትንፋሿ እየተቆራረጠ። “ቁጥቋጦ ይዞታል፣ ድምፁ ይሰማል!” እናቴ ጠባቂዎቹን ተጣራች። ጠባቂዎቹ ገመድ ይዘው ወረዱ፣ እኔም ተከተልኳቸው። ስናወጣው እግሩ ተሰብሯል፣ ፊቱ ተልጧል፣ ግን ይተነፍሳል፣ ይሳደባልም። ስድቡን ስሰማ ከደስታ የተነሳ አለቀስኩ። በሚኒባስ አታት ሆስፒታል ወሰድነው።

በማግስቱ እናቴ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ ግንባሩን ትዳብሰው ነበር። ወንድሜ ሊያጫውታት ሞከረ።

“እማ” አላት፣ “የሰውን ልጅ ሁሉ አቆላምጠሽ ታስወልቂያለሽ። እኔን ብቻ ምነው እንደ ፖሊስ አዘዝሽኝ? ትንሽ ብትቀልጂብኝ እኮ አወልቅ ነበር።”

እናቴ እጇን ከግንባሩ አላነሳችም።

“ለሰው ልጅማ ቀልዱ ይመጣልኛል” አለችው። “አንተን ሳይህ ግን ጠፋኝ፣ ልጄ። በጣም ነበር የፈራሁት።”