አባቴ ያደመጡት ኮድ

አባቴ መሪጌታ ናቸው። ከጎረቤላ ትንሽ ወረድ ብሎ ባለው ቤታችን ግቢ፣ ከአጥሩ ጥግ አንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ አለች። ተማሪዎቻቸውን እዚያች ላይ በየተራ አስቀምጠው፣ በቃል የያዙትን ሲያስብሉ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። እኔ ከማጀት ሆኜ፣ ሽንኩርት እየከተፍኩም ዕቃ እያጠብኩም፣ የሚባለውን ሁሉ እይዝ ነበር። ከተማሪዎቹ አንዱ ሲሳሳት በሆዴ አርመዋለሁ። አባቴ ይህን ያውቃሉ። አንድ ቀን ግን "ነይ፣ ተቀመጪና በይ" ብለውኝ አያውቁም። ተቆጥቼ አልተናገርኳቸውም፤ ደስ ግን አላለኝም። ከቤት ከወጣሁ በኋላ እንኳ ለበዓል ስመለስ ያቺን ድንጋይ ሳያት ቅር ይለኝ ነበር።

ኮሌጅ የተማርኩት አይቲ ነው፤ የሠራሁት ግን ደብረ ብርሃን፣ አንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ኪስ መስፋት ነው። ሥራ ሲቀዘቅዝ ከተቀነሱት አንዷ ሆንኩ። ወደ ቤት ብመለስ የሚከለክለኝ አልነበረም፤ እኔ ግን ባዶ እጄን መግባት አልፈለግኩም። እዚያው ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ሰፈር የተከራየኋት ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ ድረ ገጽ መሥራት ልማር አልኩ። አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ ስትመጣ አንድ የጃቫስክሪፕት መሣሪያ በፍላሽ ይዛልኝ መጣች። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የፈለገ ሰው በነጻ ይወስደዋል። ድረ ገጽ የሚሠራ ሰው "በተን" የሚባለውን መጫኛ ቁልፍ፣ ቅጹን፣ ሰንጠረዡን ከባዶ ከሚጽፍ ከዚያ እያወጣ ይገጣጥማል። የጀማሪዎች መመሪያውም አብሮ ነበረ።

ያን ጊዜ የስልክ ዳታ ተቋርጦ ስለነበር ግር ያለኝን የምጠይቅበት ቦታ አልነበረኝም። መብራቱም ደስ ሲለው ነው የሚመጣው፤ የላፕቶፔ ባትሪ ደግሞ ያረጀ ስለሆነ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ የማውቀውን ዘዴ ተጠቀምኩ። መመሪያውን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በቃሌ ያዝኩት። ከአልጋው እስከ በሩ እየተመላለስኩ፣ "ኢምፖርት፤ ጠማማ ቅንፍ ይከፈታል፤ በተን፤ ጠማማ ቅንፍ ይዘጋል" እላለሁ። ያልገባኝን ሳይቀር ያዝኩት። ኋላ ይገባኛል ብዬ ነው፤ ልጅ ሆኜ የሰማሁት ግዕዝም እንደዚያው ነበር። አከራዬ አንድ ቀን በሩን አንኳኩተው፣ ውዳሴ ማርያም መስሏቸው ከውጭ ቆመው ሲያዳምጡ እንደቆዩ፣ ቅንፍ የሚባል ነገር ያለበት ጸሎት ግን ሰምተው እንደማያውቁ ነገሩኝ። ሥራ መፈለጊያ ነው አልኳቸው። እግዜር ይስማሽ ብለውኝ ሄዱ።

ብዙም ሳይቆይ ለሱቆችና ለትምህርት ቤቶች ድረ ገጽ በሚሠራ አንድ ትንሽ ቢሮ የሙከራ ዕድል አገኘሁ። ኃላፊው በዕድሜ የሚያንሰኝ ረጋ ያለ ልጅ ነው። ኢንተርኔት ያለው ኮምፒውተር ላይ አስቀመጠኝና፣ መሣሪያውን አውርጄ አንድ የመመዝገቢያ ገጽ እንድሠራ ነገረኝ። መመሪያ ለማየት እንኳ አልፈለግኩም፤ ሁሉም ነገር ምላሴ ላይ ነው። ጻፍኩና አስነሣሁት። ስክሪኑ በቀይ ጽሑፍ ተሞላ። ደግሜ ጻፍኩ፤ ያው ቀይ። አንዲት ፊደል እንዳልሳትኩ እርግጠኛ ስለነበርኩ ኮምፒውተሩ ላይ ተናደድኩ። ልጁ ከኋላዬ መጥቶ አየና፣ "ይሄ የጻፍሽው እኮ ለድሮው ነው፤ ያወረድሽው አዲሱን ነው። አዲሱ ከወጣ ቆየ፤ ብዙው ነገር ተቀይሯል" አለኝ።

እኔ ባደግኩበት ቤት በቃል የተያዘ ነገር አይቀየርም። አባቴ የሚሉት መምህራቸው ያሉትን ነው፤ መምህራቸው ያሉት ከእሳቸው በፊት የነበሩት ያሉትን ነው። እኔ ክፍሌ ውስጥ እየተመላለስኩ ስይዘው፣ የምይዘው ነገር ሌላ ቦታ እየተለወጠ እንደሆነ በጭራሽ በሐሳቤ አልመጣም። አፈርኩ። ልጁ ግን አላሳቀቀኝም፤ ሰኞ ተመልሼ እንድሞክር ነገረኝና አዲሱን መመሪያ በፍላሽ ገለበጠልኝ። ሰኞ ካልሆነልኝ ሌላ ሰው እንደሚያዩም አልደበቀኝም።

በማግስቱ ቀኑን ሙሉ አዲሱን ስይዝ ዋልኩ። ክፍሏ ስትጠበኝ ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሬ ወደ ቤት ሄድኩ። ከቆላው የሚወጣው ጉም መንገዱን ሸፍኖት ስለነበር ሹፌሩ በዝግታ ነው የነዳው፤ እኔም እስክደርስ ድረስ በከንፈሬ እያልኩት ነበር።

አባቴ ፊቴን አይተው ምን ሆንሽ አሉኝ። የያዝኩት ትምህርት ተለወጠብኝ አልኳቸው። ማን እንደለወጠው ጠየቁኝ። በየአገሩ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ ስህተት ያየ ሰው "ይህ እንዲህ ቢሆን" ብሎ ይልካል፤ መሣሪያውን የሚጠብቁት መርምረው ይቀበሉታል ወይም ይመልሱለታል ብዬ አስረዳኋቸው። ሳይተዋወቁ ነው ወይ አሉኝ። አዎ፣ ሳይተዋወቁ ነው አልኩ። ይሄማ ትምህርት አይደለም ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን የአሁኑን ይዤው እንደሆነ ጠየቁኝ። ከትናንት ጀምሬ እየያዝኩት ነው አልኩ። በመቋሚያቸው ወደ ድንጋይዋ አመለከቱ።

"ተቀመጪ። እስቲ በይ።"

ድንጋይዋ ትቀዘቅዝ ነበር። ስጀምር ድምፄ እንደ ልጅ ድምፅ ቀጠነ። አባቴ እንግሊዝኛ አያውቁም። እንደ ልማዳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው አንገታቸውን ደፋ አደረጉ። የመጀመሪያውን ገጽ አልፌ ወደ ሁለተኛው እንደገባሁ መቋሚያቸው መሬቱን መታ።

"እዚህ ጋ አልያዝሽውም።"

እውነታቸውን ነው። የድሮው ቃል ምላሴ ላይ መጥቶብኝ፣ ዋጥ አድርጌ ነበር አዲሱን ያልኩት። ቀጠልኩ። ጥቂት ሄጄ ደግሞ መሬቱ ተመታ። ይህኛው በትክክል ያልኩት መስሎኝ ስለነበር ቀና ብዬ አየኋቸው።

"ሦስት ቅንፍ ከፈትሽ፤ የዘጋሽው ሁለት ነው" አሉኝ።

ቤት ገብቼ ላፕቶፑን መብራት ላይ ሰክቼ አየሁ። ሦስተኛው መዝጊያ እዚያ ተቀምጧል። ወደ ድንጋይዋ ስመለስ ሳቄ መጣ፤ ከሳቁ ጋር እንባዬም መጣ፤ ጉም ነው እንዳልል ጉሙ ተገፍፏል። "እሺ፣ የኔታ" አልኩ። የኔታ የሚሏቸው ተማሪዎቻቸው ናቸው፤ እኔ አባባ ነበር የምላቸው። አምልጦኝ ነው። አላረሙኝም። ከመጀመሪያው ጀምሪ ብቻ አሉኝ።

እስከ እሑድ ማታ ድረስ፣ ከቅዳሴና ከምግብ በተረፈው ጊዜ ሁሉ እዚያች ድንጋይ ላይ ነበርኩ። መቋሚያው መሬት ሲመታ የደረስኩበትን ቃል ሁሉ ደብተር ላይ ጻፍኩ። አብዛኛው የድሮው ከአዲሱ የሚለይበት ቦታ ነበር። ሰኞ ቢሮው ገብቼ ስጽፍ ቀዩ ጽሑፍ አልመጣም። ልጁ ገጹን ከላይ እስከ ታች ሞከረውና፣ በድሮው መሣሪያ ተሠርቶ ሊነካው ሰንፎ የተወውን አንድ የትምህርት ቤት ድረ ገጽ አሳየኝ። የድሮውንም አውቀው የለ፤ ወደ አዲሱ አዞርኩለት። በዚያው ቀረሁ።

ኢንተርኔት ባለበት ቢሮ መመሪያ በቃል መያዝ አያስፈልግም፤ አውቃለሁ። የሥራ ባልደረቦቼም ይህን ከመንገር ቦዝነው አያውቁም። አባቴ ግን ስልክ በደወሉ ቁጥር ስለ ጤናዬና ስለ ደብረ ብርሃን ብርድ ከጠየቁ በኋላ፣ ተለወጠ ወይ ይሉኛል። ብዙ ጊዜ አልተለወጠም እላቸዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ተለወጠ። ነገርኳቸው።

"ይዘሽዋል?"

"ይዤዋለሁ፤ ግን አባባ፣ ቢሮ ነኝ፣ ሰው አለ።"

"ይስሙሻ" አሉኝ። "በይ።"

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንዳደረግኩ ከመጀመሪያው ጀመርኩ።