«ኬዳር» የተባለውን ግስ ወደ መካነ ሰላም ስንጓዝ እንደተማርኩት

ንጋት፣ ደሴ

ጎህ ሲቀድ ተነሳን። ዘመኑ የሰባ ሰባቱ ድርቅ ነው። የጭነት መኪናችን የዱቄት ወተትና መድኃኒት ይዟል። ከሾፌሩ ከጋሽ ሰይድ አጠገብ ኩባዊቷ ሐኪም ዶክተር ማርታ፣ ከእሷ ቀጥሎ እኔ ተቀምጠናል። እኔ ድሬሰር ነኝ፤ ከኩባ ሐኪሞች ጋር ስሠራ በለቃቀምኳት ስፓኒሽ አስተርጓሚ ተብዬ ተላክሁ። ትእዛዙ መድኃኒቱን አድርሳችሁ፣ በሽተኞቹን አይታችሁ በማግስቱ ተመለሱ የሚል ነው።

ረፋድ፣ ጉጉፍቱ

ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ጋሽ ሰይድ ጋቢያቸውን ደረቡላት።

«ሜ ኬዳ ቢየን» አለች እየሳቀች። ልክ ሆነልኝ፣ አማረብኝ ማለቷ ነው። ቀደም ሲል መካነ ሰላም የት እንደምትገኝ ስትጠይቀኝ «ዶንዴ ኬዳ?» ብላኛለች። ምን ያህል መንገድ እንደቀረን ስትጠይቅም «ኩዋንቶ ኬዳ?»። አንድ ቦታ ለመቆየትም ይኸው «ኬዳር» ነው።

ለጋሽ ሰይድ ብነግራቸው፣ «አጂብ ነው! ይህ ቃል እንደኔ መኪና ነው፤ ያገኘውን ሁሉ ይጭናል» አሉ።

በአማርኛ ምን እንደሚባል ጠየቀችኝ። «ቀረ» አልኳት። «ሜ ኬዶ፣ እቀራለሁ» እያለች መንገዱን ሙሉ አነበነበችው።

ቀትር፣ አቀስታ

ገበያው ላይ ጎድናቸው የወጣ በሬዎች ቆመዋል፤ ገዢ የለም። ዶክተሯ የያዘችውን ዳቦ መንገድ ዳር ለተቀመጡት አደለች፤ ለራሷ ሻይ ብቻ ጠጣች።

ማምሻ፣ መካነ ሰላም

መጠለያው በሰው ታጭቋል። ዶክተሯ አቧራ ላይ ተንበርክካ ለልጆቹ በማንኪያ ወተት ታጠጣለች። ዘሐራ የምትባል እናት ያቀፈቻት ልጇ ለይላ ግን አፏን መክፈት አቅቷት ነበር። ዶክተሯ ወተቱን ጠብ፣ ጠብ እያደረገችላት አብራት አመሸች።

ጠዋት

ጋሽ ሰይድ እንመለስ ለማለት የመኪናውን ጥሩምባ ነፉ። ዘሐራ የዶክተሯን እጅ ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

«ነገም ትመጫለሽ፣ የኔ እናት?»

«እቀራለሁ!» አለች ማርታ፣ በኩራት።

የዘሐራ ፊት ጠቆረ። «ያ ረቢ! ትቀሪያለሽ?» ብላ እጇን ለቀቀች።

«ኧረ አይደለም!» ብዬ ጣልቃ ገባሁ። «እዚሁ ከእናንተ ጋር እቆያለሁ ማለቷ ነው!» ለማርታም፣ «እቀራለሁ» ብቻውን ሲሆን አልመጣም ማለት እንደሆነ ነገርኳት። ደንግጣ አፏን ያዘች፤ ከዚያ ዘሐራን አቅፋ «እዚህ! እዚህ እቀራለሁ!» አለች።

ጋሽ ሰይድ ሁሉንም ሰምተዋል። ሻንጣዋን ከመኪናው አወረዱ።

«አለቆቹን ምን ልበላቸው?» አሉኝ።

«ሥራ ላይ ናት ይበሏቸው።»

«አንተስ?»

ለይላ ማንኪያውን እየጠባች ነበር። ወደ መኪናው ወጥቼ የራሴንም ሻንጣ አወረድኩ።