ዘይትና አቧራ

ሃልቫርድ ያቺን ሰማያዊ መኪና የሙጥኝ ያለው ሌላ የሚነዳው አጥቶ አልነበረም። ሟች ሚስቱ ቦርግሂልድ ዕድሜዋን የነዳቻት መኪና ስለሆነች ነው። እሱ በሚኖርበት የኖርዌይ ሸለቆ ግን በበረዶው ወራት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ለማንም አያዝንም፤ የመኪናዋን ሆድ በዝገት በልቶ ጨርሶታል።

«አባባ፣ ይቺ እኮ መኪና አይደለችም፣ ወንፊት ናት። ለቆራሌው ስጣት» አለችው ልጁ ሲግሪድ።

ሃልቫርድ ዕድሜ ልኩን የሸለቆውን መኪና ሲበይድ የኖረ ሰው ነው። የበሰበሰውን ቆርጦ አዲስ ላሜራ በየደና ዳግም እንዳትዝግ ከሥር በዘይት አራሳት። የቀረው አቧራ ብቻ ነበር፤ ዘይቱ አቧራ ጠጥቶ ካልጠነከረ በዝናብ ታጥቦ ይሄዳል።

ድሮ ሰኔ ሲመጣ መንደርተኛው ሁሉ መኪናውን ዘይት ቀብቶ በጠጠሩ መንገድ ላይ ተከታትሎ ይነዳ ነበር። ቦርግሂልድ ሆን ብላ አቧራ አብዝቶ የሚያስነሣውን ወተት ጫኝ መኪና ትከተላለች፤ መስኮትም አትዘጋም።

«ኧረ ዝጊው አንቺ! ዘይት የቀባሁት መኪናዋን ነው፣ እኔን አይደለም!» ይላል ሃልቫርድ።

«አንተም ዝገሃል፤ ትንሽ ይንካህ» ትለውና ትስቃለች።

አሁን መንገዱ ሁሉ አስፋልት ሆኗል። ስለዚህ ሲግሪድን አጠገቡ አስቀምጦ ጠጠር ወደሚወጣበት ጉድጓድ ነዳና እዚያ ይዞር ጀመር። አቧራው እንደ ጉም ተነሣ። ሲግሪድ እያሳለች መስኮቷን ልትዘጋ እጇን ሰደደች።

«ተዪው» አላት። «እናትሽ ዘግታው አታውቅም።»

ዞር ብላ አየችው። ቅንድቡ አቧራ ለብሷል፤ ዓይኑ ግን ይስቃል። እጇን መለሰች።

«እንግዲያው አንድ ዙር ጨምር» አለችው።