የሄዝል አትክልት ወደ ቤት የገባበት ጸደይ

ክሊፎርድ ስኪፕተን ከተማ ውስጥ ሠላሳ አራት ዓመት አውቶቡስ ሲነዳ አንድም ፌርማታ ዘሎ አያውቅም። አንዴ የያዘውን ነገር ዳር ሳያደርስ የማይለቅ ሰው ነው። ሚስቱ ሄዝል ዳሌዋን ቀዶ ሕክምና ተደርጋ ሆስፒታል ሳለች፣ "ከእንግዲህ የጓሮውን ሦስት ደረጃ ወርጄ አትክልቴ ጋ ካልደረስኩ እዚያ ቤት ምን ልሠራ? እህቴ ጋ እገባለሁ" ስትለው ሻዩ በእጁ ላይ ቀዘቀዘ።

ወደ ቤት ሲመለስ ቁርጥ ሐሳብ አደረገ። እሷ ወደ አትክልቱ መውረድ ካልቻለች፣ አትክልቱ ወደ እሷ ይመጣል።

ከቤቱ ጀርባ አሮጌ ጫማ የሚከማችበት የመስታወት ክፍል ነበር። ወለሉን ሰው ሠራሽ ሣር አለበሰው። ልጃቸው እየተደገፈ መራመድ የተማረበትን የብረት አግዳሚ ወንበር አረንጓዴ ቀብቶ አስገባ። የጓሮ ወፎች የሚታጠቡበትን ገንዳ መሐል ላይ አቆመ፤ ካሪዮላው ላይ መስታወት አድርጎ የሻይ ጠረጴዛ አደረገው። ውሃ ማጠጫውን ሚስማር ላይ ሰቀለ። የጓሮ ጌጥ የነበሩትን ጺማም የሸክላ ድንኮች ባልዲ ዳር ዓሣ አስጠመዳቸው። ውጭ የቀረው ጭቃ ብቻ ነበር።

ጎረቤታቸው አይቪ ብቅ አለች። "ክሊፍ፣ ጫማ ላውልቅ ወይስ ጃንጥላ ልያዝ?"

"ጫማሽን ጥረጊ። ሣሩ አዲስ ነው።"

የቀለሙ ሽታ እንዲወጣ መስኮቱን ሳምንት ሙሉ ክፍት ተወው። ሄዝል ልትመጣ አንድ ቀን ሲቀራት ውሃ ማጠጫውን ሊያወርድ እጁን ሲዘረጋ፣ ደረተ ቀይ ወፍ ከውስጡ ፊቱ ላይ በረረችበት። ጎጆ ሠርታ አራት እንቁላል ጥላለች።

በእነሱ አገር የምታቅፍ ወፍን ከእንቁላሏ ማንሣት በሕግ ክልክል ነው። ሕጉ ቢፈቅድ እንኳ አይቪ አትፈቅድም። ክሊፎርድ በሩን ዘጋና "እባክዎ አይግቡ፤ ወፏ ታቅፋለች" ብሎ ለጠፈበት።

በማግስቱ ሄዝል በክራንች ተደግፋ የመስታወቱ ክፍል በር ላይ ቆመች።

"ክሊፍ፣ ያ የኔ አግዳሚ ነው?"

"ነው።"

"ድንኮቹስ ምን እያደረጉ ነው?"

"ዓሣ እያጠመዱ።"

"ታዲያ ለምን አንገባም?"

ጽሑፉን አሳያት። ዳሌዋን ይዛ እስኪያማት ሳቀች። "እሺ፣ ከየት ሆነን እንየው?"

ከበሩ ግማሹ ብቻ ነው የሚታየው፤ ሙሉው የሚታየው ከውጭ ነው። ክሊፎርድ የዕቃ ቤቱን በር ነቅሎ በሦስቱ ደረጃዎች ላይ እንደ መንሸራተቻ አነጠፈና በክንዱ ደግፎ አወረዳት። ጭቃው ላይ ሁለት የወጥ ቤት ወንበር አኖረ። ዝናቡ ጀመረ። በአንድ ጃንጥላ ሥር ሆነው ቤት ውስጥ ያለውን አትክልት ተመለከቱ።

"ክሊፍ።"

"ወዬ።"

"ይህን በር መጀመሪያውኑ ብታነጥፈው ኖሮስ?"

ክሊፎርድ ጃንጥላውን ወደ እሷ አዘነበለ። "ሐሳቡ አልመጣልኝም" አለ።

"ለእህቴ ደውልላት። ጫጩቶቹ እስኪበርሩ አልመጣም በላት።"

"ከዚያስ በኋላ?"

"ከዚያ በኋላማ አግዳሚዬን ታወጣልኛለህ።"